ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ምልክትንና ምክንያትን ለይቶ መጻፍ

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ሲበላሽ በመጀመሪያ የምናየው ምልክቱን ነው፤ ምክንያቱ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። በዚህ ትምህርት የአንድን ብልሽት ምክንያት መርምሮ በጽሑፍ መግለጽን ትማራላችሁ። ለምሳሌነት የተመረጠው በድንገት የተንቀራፈፈ ኮምፒዩተር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር ስለ ተሰጠ፣ ጉዳዩ ለእናንተም ሩቅ አይደለም።

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡም የትኛው ዓረፍተ ነገር ምልክትን፣ የትኛው ምክንያትን እንደሚናገር ለዩ።

ለ. ምንባብ

በደብረ ታቦር ከተማ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱን ጽሑፎች ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ያስቀምጣል እንበል። እስከ ትናንት ደኅና ይሠራ የነበረው ኮምፒዩተር ዛሬ ተንቀራፈፈ። የተመታው ፊደል በስክሪኑ ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ማውሱም እየቆመ ይሄዳል። የመጽሔቱ መታተሚያ ቀን ደግሞ ቀርቧል።

አንደኛው አባል «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ» አለ። ሁለተኛዋ «አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» አለች። ሦስተኛው «ግሎ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጓደኞቹ «በደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ምን ይግላል!» ብለው ሣቁበት።

መምህራቸው ግን «ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያጠፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እናንተ ግን የፈሰሰውን መልቀም እንኳ አትችሉም» አሉ። ከሁሉ አስቀድሞም ጽሑፎቹ በፍላሽ እንዲገለበጡ አዘዙ።

ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደ ገና ተከፈተ። ኮምፒዩተር እንደ ተከፈተ ለጥቂት ደቂቃዎች በራሱ ሥራ ሊጠመድ ስለሚችል፣ ታግሠው ጠበቁት። ከዚያም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀር የተባለውን መስኮት ከፈቱ።

መስኮቱ ሜሞሪው፣ ዲስኩና ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ሥራ እንደ በዛባቸው ያሳያል። ሜሞሪው ሞልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ኮምፒዩተሩ የተረፈውን ሥራ ከሜሞሪ እጅግ ወደሚዘገየው ዲስክ ስለሚያሸጋግር፣ የማይፈለጉትን ፕሮግራሞች መዝጋት ይበቃ ነበር። ዲስኩ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ቢገኝ፣ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩን መመርመር፣ ቀጭ ቀጭ የሚል እንግዳ ድምፅ ካሰማም መለወጥ ያስፈልግ ነበር። የማይታወቅ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ይዞት ቢሆን ደግሞ ቫይረስ ተጠርጥሮ ይፈተሽ ነበር።

ከእነዚህ አንዱም አልታየም። የተከፈተው የጽሕፈት ፕሮግራም ብቻ ሆኖ ሳለ ፕሮሰሰሩ ፋታ አጥቷል፤ ፍጥነቱም ከተለመደው እጅግ ወርዷል። ፋኑ ያጓራል። ኮምፒዩተሩ ጧት ሲከፈት ለጥቂት ጊዜ ደኅና ሠርቶ፣ ቆይቶ እንደሚንቀራፈፍም አስተዋሉ።

ኮምፒዩተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ የጎኑን ክዳን ከፈቱ። በፋኑና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል አቧራና የጠመኔ ብናኝ እንደ ጥጥ ተጋግሮ አገኙ። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረጉት። በማግስቱ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ሙሉ እንደ ቀድሞው ሠራ። የዓመቱም ጽሑፍ ተረፈ።

ሐ. ማብራሪያ

1. ብርዱ ለምን አላዳነውም? ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው በፋን የሚነዳው አየር በመሆኑ፣ የሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። የደጋው ብርድ ይህን ጉድለት በከፊል ያካክሳል፤ አቧራ የአየሩን መንገድ ሲዘጋው ግን ብርዱም አይረዳም። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ዝግታው ምልክት፣ ሙቀቱ የቅርብ ምክንያት፣ አቧራው የሩቅ ምክንያት ነው።

2. «ቫይረስ ገብቶበታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነገሩን ያረጋግጣል፤ ተናጋሪው ግን ገና አልመረመረም። «ቫይረስ ገብቶበት ይሆናል» ወይም «ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም» ቢል ኖሮ፣ ግምቱን በግምትነቱ ባቀረበ ነበር። ያልተመረመረ ነገር እንደ ተረጋገጠ ሲነገር ሰሚው ወደ ተግባር ይቸኩላል። በምንባቡ ውስጥ የአንድ ዓመት ድካም ሊጠፋ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

3. «ፍላሽ ከተሰካበት በኋላ ተንቀራፈፈ» እና «ፍላሽ በመሰካቱ ተንቀራፈፈ» የሚሉት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ምክንያትን ይመሰክራል። ስለዚህ «ስለ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ከዚህ የተነሣ» የሚሉትን አያያዦች ከመጠቀማችሁ በፊት ማስረጃችሁን መርምሩ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ሦስት ምልክቶችንና ሁለት ምክንያቶችን አውጥታችሁ ጻፉ።
2. «ደብረ ታቦር ብርድ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ሊግል አይችልም» የሚለው አባባል ስሕተቱ ምን ላይ ነው? በአንድ አንቀጽ አስረዱ።
3. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ግምትን ወደሚገልጽ አነጋገር ለውጡ።
ሀ) ዲስኩ ተበላሽቷል።
ለ) ሜሞሪው ሞልቷል።
4. በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ የተበላሸን አንድ ዕቃ ምረጡ። ምልክቱን፣ የተጠረጠሩትን ምክንያቶች፣ የምርመራውን ቅደም ተከተልና የተገኘውን መፍትሔ የሚገልጽ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። በግምት የቀረ ነገር ካለ፣ ግምት መሆኑ ከግሡ ይታወቅ።