በጥቂት ገንዘብ በደስታ ስለ መኖር

ሰው ሁሉ በደስታ ሊኖር ይመኛል፤ ብዙዎች ግን ደስታን ከገንዘብ ብዛት ብቻ የሚገኝ አድርገው ያስባሉ። ችግረኛ ሰው መጨነቁ እውነት ነው፤ ድህነት መልካም ነው ብለን ማንንም አንሸነግልም። ይሁን እንጂ ደመወዙ ባደገ ቍጥር ዕዳው የሚያድግበት ሰው አለ፤ ገቢው ጥቂት ሲሆን ቤቱ በሰላም የሚያድርም አለ። ብዙ ጊዜ ሁለቱን የሚለያቸው የየዕለት ልማዳቸው ነው። ይህ ትምህርት ስለዚሁ ልማድ ይናገራል።

አዳማ፥ ብዙ ዘመን ናዝሬት ተብላ የተጠራችው፥ የመንገደኛና የነጋዴ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በእርስዋ በኩል አልፏል፤ ዛሬም ፈጣኑ የክፍያ መንገድ ከአዲስ አበባ ያገናኛታል። በእንደዚህ ያለ ከተማ ለብዙ ሰው ገንዘብ በየቀኑ ይገባል፤ በየቀኑም ይወጣል። የባጃጅ ነጂው፥ የሆቴል አስተናጋጁ፥ በገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጠው ሁሉ ማታ በእጁ ብር ይዞ ይገባል፤ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ግን ባዶውን ይገኛል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በታች ያሉትን አምስት ነገሮች አስተውል።

፩. ወጪህን ዕወቅ። በየቀኑ 40 ብር በማያስፈልግ ነገር የሚያጠፋ ሰው በዓመት 14,600 ብር ያጠፋል። ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስጥ ቢሉት ይጮኻል፤ በጥቂት በጥቂቱ ሲወጣ ግን አይሰማውም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎች በስልክ ይከፍላሉ። ብር ከእጅ ሲወጣ ዓይን ያየዋል፤ በስልክ ሲወጣ ግን አይታይም። ነገር ግን ስልኩ የከፈልኸውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። በሳምንት አንድ ቀን ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ዝርዝሩን ያንብቡ፤ አንዱ ሌላውን ለመክሰስ ሳይሆን ለመመካከር ይሁን።

፪. በወቅቱ ግዛ። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ከአውድማ በወጣ ጊዜ በገበያ ይበዛል፤ በክረምት ግን ያንሳልና ብዙ ጊዜ ይወደዳል። አዳማ ለምንጃርና ለአድአ የጤፍ አገር ቅርብ ናት። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ እንደ ሌላው እህል ነቀዝ አያበላሸውም፤ በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ ይቈያል። ከመስከረም ጀምሮ ጥቂት እያስቀመጠ በጥር ኩንታሉን የሚገዛ ቤት በነሐሴ በኪሎ ከመግዛት ይድናል። ብቻውን የማይችል ከሁለት ጎረቤት ጋራ ገዝቶ ይካፈል። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋብ ዘመን ለራብ ዘመን ያከማቸው በዚሁ ጥበብ ነው።

፫. ዕቁብን በማስተዋል ግባ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል፤ ዙሩም በሃያ ሳምንት ይፈጸማል። መጀመሪያ የወሰደው ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው፤ መጨረሻ የሚወስደው ደግሞ ያለ ወለድ አበድሯል። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የኋለኛው ይጐዳል፤ 10,000 ብሩ በመጀመሪያው ሳምንት ይገዛ የነበረውን ያህል አይገዛለትምና። ስለዚህ ዙሩ አጭር ይሁን። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ መቶ 7 ከፍ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 አለፈ። እንግዲህ መቆጠብ ከንቱ ነውን? አይደለም። ቀኑ ለታወቀ ጉዳይ የሚሆነውን ገንዘብ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ለውጠው፤ እህል፥ የልጆች ደብተር፥ የሥራ መሣሪያ ግዛበት። ለድንገተኛ ሕመም የምታስቀምጠው ግን ቢቀንስም በባንክ ይቀመጥ፤ እርሱ በጭንቅ ቀን እንዲደርስልህ ነው እንጂ እንዲያተርፍ አይደለም። አስቀድሞ ዕጣ ወስዶ መክፈሉን የሚተው ሰው ግን ዋሱን ይበድላል፤ ይህ ስርቆት መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

፬. ለድግስ ብለህ አትበደር። ዕድር በኀዘን ጊዜ ሰውን ይደግፋል፤ መዋጮውን በጊዜው ክፈል። ለሰርግና ለተዝካር በይሉኝታ የሚገባበት ዕዳ ግን ስንቱን ቤት አፍርሷል። አበው፥ ዕዳ ከሜዳ፥ ይላሉ። በወር ከመቶ 10 በሚታሰብ አራጣ 20,000 ብር የተበደረ ሰው በየወሩ 2,000 ብር ይከፍላል፤ በዐሥር ወር 20,000 ብር ከፍሎ ዋናው ዕዳ ገና እንዳለ ይቀራል። አራጣ በአገራችን ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ድግሱን የበሉት እንግዶች ግን ዕዳውን አይከፍሉለትም። አቅምን ያወቀ ጥቂት ግብዣ አያሳፍርም፤ ልጆችን ከትምህርት የሚያስቀር ግብዣ ግን ያሳዝናል።

፭. ምድሪቱን አታባክን። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር በጆንያ የሚሸጠው ከሰል የግራር ዛፍ ነበር። በአብያታና በሻላ ሐይቆች ዙሪያ ያለው ግራር ለከሰል ሲቈረጥ ኖሯል፤ ዛፉ ሲያልቅ አፈሩ ይጠረጋል፥ ከሰሉም ይወደዳል። ላቀች የተባለችው ምድጃ ከተራው የብረት ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች፤ ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃም ማገዶን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን በውኃ ቢዘፈዘፍ ቶሎ ይበስላል። የተረፈ እንጀራ አይጣል፤ በአዳማ ፀሐይ ቢሰጣ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገድ ስንቅ ይሆናል። ጌታ ብዙ ሕዝብ ካበላ በኋላ የተረፈውን ቍርስራሽ አሰብስቧል፤ ማብዛት የሚችል እርሱ ፍርፋሪውን ካልናቀ እኛ ምን እንላለን?

በመጨረሻም ቆጣቢና ንፉግ አንድ አለመሆናቸውን አስተውል። ንፉግ ለገንዘቡ ሲል ሰውን ይተዋል፤ ቆጣቢ ግን ለሰው ሲል ገንዘቡን ይጠብቃል። ጎረቤት ሌሊት ታሞ በር ሲመታ፥ ለመኪና የሚከፈል ብር በቤቱ የሚገኝ ያ ያስቀመጠው ነው። ያባከነው ግን ልቡ ቢራራም እጁ ባዶ ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው ያበዳሪውን እግር ኮቴ ሳይፈራ ይተኛል፤ ይህ ዕረፍት በገበያ የማይሸጥ ደስታ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳልና ዛሬ በጥቂቱ ጀምር።

ለማሰላሰል የሚረዱ ጥያቄዎች፦
ባለፈው ሳምንት ካወጣኸው ገንዘብ ሳያስፈልግህ የወጣው ስንት ነው?
በቤትህ ለሕመም ቀን የተቀመጠ ምን አለ?
ልትከፍለው የሚገባህን ያልከፈልኸው ማን ነው? መቼስ ትከፍለዋለህ?