የቤታችን ግድግዳ ምን ይልበስ?

ከደጋ ወደ ጋምቤላ ለሥራ የምንወርድ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የደጋውን የቤት አሠራር ይዘን እንወርዳለን። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ በሆነው በባሮ ወንዝ ዳር፣ ሙቀትና የክረምት እርጥበት ተባብረው ግድግዳን እንዴት እንደሚፈትኑ ገና አልተረዳንም ነበር።

አንድ ጉባኤ ለጤና ሠራተኛዋ የጭቃ ቤት ሲሠራ፣ «ውጪውን በሲሚንቶ ለስኑት» ብለን የመከርን እኛ ነን። ምእመናኑ ያዋጡት ገንዘብ በሙሉ ለሲሚንቶ ዋለ። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ተሰነጠቀ፤ በጣት ስናንኳኳው እንደ ባዶ እንስራ ይጮኽ ነበር። ስናነሣው ጭቃው ርሶ፣ ማገሩ በስብሶ፣ ምስጥም እስከ ወገብ ወጥቶ አገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። በስንጥቁ የገባው ዝናብም በሲሚንቶው በኩል ተንኖ ለመውጣት ይቸገራል። አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት አገር ደግሞ ግድግዳው የሚደርቅበት ፋታ የለውም።

ስለሆነም ገንዘብ ካለ አስቀድሞ ለጣሪያውና ለመሠረቱ ይዋል። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል፤ የግድግዳው ግርጌም እስከ 50 ሴንቲ ሜትር በድንጋይ ይገንባ። ድንጋዩ ምስጥን ፈጽሞ አያግድም፤ ነገር ግን ምስጡ የሚሠራው የአፈር መንገድ ፊት ለፊት ስለሚታይ ቶሎ ማፍረስ ይቻላል።

ለልስን የሚሻለው ኖራ ነው፤ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ። እርጥበትን ያስወጣል፣ ነጭነቱም ፀሐይን ይመልሳል። ለጥቂት ቀናት ውኃ እየረጩ ከፀሐይ መከለል ያስፈልጋል። ዓይንና እጅ ስለሚያቃጥል ልጆች አይጠጉት። ኖራ ካልተገኘ ጭድ ገብቶበት በደንብ የተብላላ ጭቃ ይበቃል፤ ዝናብ ባቆመ ቁጥር የተጎዳውን መለጠፍ ግን የግድ ነው።

ቆርቆሮ ለግድግዳ የሚመርጡ አሉ። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል። ቢመታም በእንጨቱና በቆርቆሮው መካከል ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍተት ይተውለት፤ ከታችና ከላይም ሙቁ አየር የሚወጣበት ይኑረው።

ያንን ቤት የጉባኤው እናቶች እንደገና በጭቃ መረጉት። ሲሚንቶ ሳንመክር በፊት ያሰቡትም ይህንኑ ነበር።