ዜማና ምናኔ በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት

በከተማችን በደብረ ታቦር ዜማ የማይሰማበት ቀን ጥቂት ነው። በበዓል ሌሊት ከደብሩ የማኅሌቱ ከበሮና ጸናጽል ይሰማል፤ በሠርግ ሰሞን ደግሞ የአዝማሪው መሰንቆ ከዳስ ወደ ዳስ ይዞራል። ሁለቱንም ጆሯችን ሳይሰለች ይሰማቸዋል፤ ስማቸውን ግን ለየብቻ አድርገነዋል። የፊተኛው ዜማ ወይም መዝሙር ይባላል፤ የኋለኛው ዘፈን ይባላል። ሁለቱን ባንድነት የምንጠራበት «ሙዚቃ» የሚለው ቃል እንኳ ከውጭ አገር የመጣ ነው። እንግዲህ ሁለቱንም የሚወድ ሰው ምን ያድርግ?

ጥያቄው ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው። እኔም በልጅነቴ ጾመ ድጓ ጀምሬ ነበር፤ አሁን ግን 12ኛ ክፍልን ስጨርስ አዲስ አበባ ሄጄ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ለመማር እመኛለሁ። አባቴ ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ከሁለቱ አንዱ ልብህን ይወስደዋል፤ የትኛው እንደሚወስደው አስቀድመህ ዕወቅ» አሉኝ። መልስ ስላልነበረኝ በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎችን ታሪክ መፈለግ ጀመርሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በሩቁ ልጀምር። ሜስ የሚባለው የኒውዮርክ ሰው የታወቀው ራፕ በተባለው፣ ግጥምን በምት ላይ እያፈጠኑ በሚናገሩበት ሙያ ነው፤ ቀረርቶና ሽለላ ለሰማ የአገራችን ሰው ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። በ1997 ያወጣው አልበም በሚሊዮን ተሸጠለት። በ1999 ግን ለእግዚአብሔር አገልግሎት ተጠርቻለሁ ብሎ ሁሉን ተወና ሰባኪ ሆነ። በ2004 ደግሞ አዲስ አልበም ይዞ ተመለሰ።

ከአገራችን ብንፈልግ በጎጃም የተወለዱትን አቶ ሙሉቀን መለሰን እናገኛለን። «ሄደች አሉ»ን የመሳሰሉ ዘፈኖች በየቤቱ ሲሰሙላቸው፣ በ1980ዎቹ የፕሮቴስታንት እምነት ተከትለው ዘፈንን ተዉ። ወደ አሜሪካም ሄደው ድምፃቸውን ለመዝሙር አደረጉት፤ በዚያው ሳሉ በ2024 ዐረፉ። አንዱ ወጥቶ ተመለሰ፤ ሌላው ወጥተው ቀሩ። የሦስተኛዋ ታሪክ ግን ከሁለቱም አይመስልም፤ መንገዱም በእኛው አገር በጎንደር በኩል ያልፋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1923 አዲስ አበባ ሲወለዱ ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ ተልከው በዚያ ቫዮሊን ተማሩ። በጠላት ወረራ ጊዜ፣ በ1937፣ ጣሊያን ከነቤተሰባቸው አሲናራ ወደምትባል ደሴት አጋዛቸው። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ቫዮሊንና ፒያኖ በቀን 9 ሰዓት ያህል ይለማመዱ ነበር። እኔ በሳምንት ሁለት ሰዓት ባገኝ እድለኛ ነኝ።

ከዚያ ለንደን ሄደው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት የሚማሩበት ዕድል መጣላቸው፤ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። በኀዘናቸው ብዛት ለ12 ቀን እህል አልቀምስም ብለው ሆስፒታል ገቡ። ሲድኑ ልባቸው ወደ ጸሎት አዘንብሎ ነበር። ከቤተሰብ ተሰውረው ወሎ ግሸን ማርያም ገቡና መነኰሱ፤ 10 ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው በጭቃ ጎጆ ኖሩ። ፒያኖ በዚያ አልነበረም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከአቶ ሙሉቀን ታሪክ ጋር ባንድ ዓምድ እጽፈው ነበር።

በ1960ዎቹ ግን የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ተቀመጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ በደጃፍና በመንገድ ዳር የሚያድሩ ልጆች አዩ። ማን እንደሆኑ ሲጠይቁ የቆሎ ተማሪዎች ናቸው ተባሉ።

የቆሎ ተማሪ ምን እንደሆነ ለደቡብ ጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ድጓ ፈላጊው ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ፈላጊው ወደ ዙር አምባ፤ አቋቋም ፈላጊው ወደዚህ ወደ ደብረ ታቦር ይመጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ውሻ ይጮኽበታል፤ ያገኛትን ቁራሽ ይዞ ይመለስና ሌሊቱን ሲቀጽል ያድራል። ከጉና የሚወርደው ብርድ የሚቆረጥመው ከሁሉ ይልቅ እርሱን ነው። አባቴም ያደጉት እንዲሁ ነው፤ ያን ዘመን ሲያወሩ ከረኃቡ ይልቅ የውሾቹን ነገር ያበዛሉ።

እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ እጃቸው ላይ የቀረው ሀብት ፒያኖ መምታት ነበር። ስለዚህ ድርሰቶቻቸውን ለማስቀረጽ ቈረጡ፤ የመጀመሪያው ሸክላ በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለድኾች ተማሪዎች መርጃ ሆነ። በበኩሌ ከታሪካቸው ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ሙዚቃን ያስተዋቸው ክልከላና ጸሎት ነበር፤ የመለሳቸው ደግሞ የሌሎች ልጆች ረኃብ ሆነ። ቆባቸውንም አላወለቁም። ወደ ዓለም ተመለሱ የሚል ሰው ቢኖር የትኛውን ዓለም እንደሚል ልጠይቀው እወዳለሁ።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው አስቀድመው የጠየቁኝ «ሸክላው ተማሪ አበላ?» ብለው ነው። ከዚያ በስልኬ አሰማኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ቃል የለውም» አሉ። «ቃል ከሌለው ዘፈን ልለው አልችልም፤ በከበሮና በጸናጽል ስላልሆነም ማኅሌት ልለው አልችልም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ግን አራራይ የሰማሁ መሰለኝ» አሉ። ስም ፈልገው ሲያጡ አባቴን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለ ትምህርቴም የዚያን ዕለት ምንም አልተናገሩ፤ ብቻ «ድገመው» አሉኝ።

እማሆይ በ1984 ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሄደው ፒያኗቸውን በክፍላቸው አድርገው ኖሩ። በ2006 ድርሰቶቻቸው በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ 21ኛ ቁጥር ሆነው ሲወጡ የዓለም ጆሮ አገኛቸው፤ በ2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ባረፉ በዓመቱ ደግሞ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ ውስጥ የቀረጿቸው ሥራዎች ታተሙ። በእነዚህ ላይ ፒያኖውን እየመቱ በገዛ ድምፃቸው፣ በአማርኛ፣ ስለ አገርና ስለ ስደት ያንጐራጕራሉ። እንግዲህ አባቴ ያሉት «ቃል የለውም» ለሁሉ አይሠራም ማለት ነው፤ ይህኛውን ገና አላሰማኋቸውም።