ፍሬኑ ሲደርቅ እጅ አይስጡ

የቆየ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ጠዋት ያውቀዋል። ትናንት ያለ ችግር ይወርድ የነበረው የፍሬን ፔዳል ዛሬ እግር ይመልሳል። አንዳንዱ «እድሜዋ ነው» ብሎ ይለምደዋል። ሌላው ጋራዥ ገብቶ በግምት ዕቃ ያስቀይራል። እርስዎ ግን ሁለቱንም አያድርጉ! መካኒክ ባይሆኑም እንኳ ችግሩ ከየት እንደሚጀምር በገዛ እግርዎ ማወቅ ይችላሉ።

ዲኤክስ የምንላትን የድሮ ኮሮላ ኮፈን ከፍተው በሾፌሩ በኩል ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ጥቁር፣ ክብ ቆርቆሮ ተገጥሞበታል። ሰርቮ የሚባለው እሱ ነው። ውስጡን የጎማ ሽፋን ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ አየሩን በቱቦ ይስብለታል፤ ፔዳሉን ሲረግጡ ደግሞ በአንዱ ወገን የውጭ አየር ይገባና ሽፋኑን ይገፋዋል። እግርዎን የሚያግዘው ይህ ግፊት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ እዚህ ያለ ሰርቮ ድሬዳዋ ካለው ትንሽ ቢደክም አይገርምም። በድንገት የመጣ መድረቅ ግን የከፍታ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ይሞክሩት። ሜዳ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ። ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡት፤ እየጠነከረ ይመጣል። እንደረገጡት እግርዎን ሳያነሱ ሞተሩን ያስነሱ። ፔዳሉ ከጫማዎ ስር ጥቂት ዝቅ አለ? ሰርቮው እየሠራ ነው። ንቅንቅ አላለም? ገና ሰርቮ አይግዙ! ቱቦውን ይዳብሱት፤ ተሰንጥቆ፣ ጫፉ ላልቶ ወይም ከውስጥ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ላይ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ነቅለው ከሁለቱም በኩል ይንፉበት። በሁለቱም ካሳለፈ ወይም በሁለቱም እንቢ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ፔዳሉን ረግጠው ሲይዙት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከቀጠለና ሚኒሞው ከተረበሸ ግን የውስጡ ሽፋን ተቀዷል ብለው ይጠርጥሩ።

የሚለሰልስ ፔዳል ሌላ ታሪክ ነው። ሲደጋግሙት ከፍ እያለ የሚጠነክር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ዘይት እየፈሰሰ ነው፣ አለዚያም ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ጎሚኒው አልቋል። እነዚህን ይዞ መንዳት ፈጽሞ አይገባም።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምንዎ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሞተር አያጥፉ። ሰርቮው ውስጥ የቀረው እገዛ ጥቂት ጊዜ ሲረግጡ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ በእግርዎ ጉልበት ብቻ ሊይዙ ነው። በከባድ ማርሽ ይውረዱ፣ ሞተሩ ይያዝልዎ።

ጋራዥ ሲደርሱ «ፍሬኑ አልተመቸኝም» ብለው አይጀምሩ። «ሞተር ሲነሳ ፔዳሉ አይወርድም፤ ቱቦውን አይቻለሁ፣ ደህና ነው፤ ቫልቩንም ነፍቼበታለሁ» ይበሉ። እንዲህ የሚናገር ደንበኛ ሲመጣ ጎበዝ መካኒክ ደስ ይለዋል፤ ሥራውም ወጪዎም ይቀላል። የግድ ያገለገለ ሰርቮ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከወረዱም ከመክፈልዎ በፊት ማስተሩ የሚገጠምበትን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁ በፍሬን ዘይት ከራሰ ያንን ይተዉትና ሌላ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ።