ለወገብ ሕመም የሚቀበረው መሣሪያና ሙከራው



እንሰት ስትፍቅ የኖረች እናት፣ ኩንታል ሲሸከም የከረመ ወጣት፣ ከመሪ ላይ የማይነሳ ሹፌር፤ በአታትና በአካባቢዋ ወገቤን የማይል ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ግን ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርድ ከሆነም ብዙ ጊዜ የነርቭ ሥር መነካቱን ያመለክታል።

ሕመሙ ሲከርም ቤተሰብ ይመካከራል። ውጭ አገር ያለው ልጅ ይደውልና «ሕመምን በኤሌክትሪክ የሚያጠፋ መሣሪያ አለ፣ ገንዘብ እናዋጣ» ይላል። በሬው ከመሸጡ በፊት ነገሩን ማወቅ ይበጃል።

መሣሪያው ምንድን ነው?

ሐሳቡ የተነሳው ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ካቀረቡት ማብራሪያ ነው። በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያልፍበት እንደ በር ያለ ነገር አለ፤ ሌላ ስሜት ሲበረታ በሩ ይጠባል አሉ። ክንዳችን ሲመታ ቶሎ የምናሸውም ለዚሁ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ኖርማን ሺሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በታማሚ ላይ ሞከረ። ቀጫጭን ሽቦዎች ከሕብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ ይቀመጣሉ፣ ባትሪው ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ልብ ይበሉ፤ መሣሪያው ስሜቱን ያደበዝዛል እንጂ የሕመሙን መንስኤ አያክምም።

ሙከራው

ሐኪሙ ወዲያው አይቀብረውም። ቦታውን አደንዝዞ፣ በራጅ እያየ ሽቦውን በመርፌ ያስገባል፤ ባትሪው ግን ከውጭ በቀበቶ ይታሰራል። ታማሚው ቤቱ ሄዶ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ቀን ይፈትነዋል። እንቅልፉ፣ አረማመዱ፣ የሚውጠው ማስታገሻ ይመዘገባል። ሽቦው እንዳይንሸራተት መጎንበስ፣ መጠማዘዝና ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው፤ ቁስሉንም ውሃ እንዲነካው አይፈቀድም። ስለዚህ በነዚያ ቀናት ሩኩዕና ሱጁድ የማይችል ሰው ተቀምጦ በምልክት ይሰግዳል፤ ስለ ትጥበቱ ደግሞ ዓሊም ይጠይቅ።

ሕመሙ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ «ሙከራው ተሳካ» ይባልና መሣሪያው ይቀበራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስንት ወጪ አውጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሄደ ሰው ተስፋው ራሱ ለሳምንት ያህል ሊያሽለው ይችላል። በእንግሊዝ 105 ታማሚዎችን ይዞ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሙከራ ያለፉት ሳይሞክሩ በቀጥታ ከተቀበረላቸው የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል። በኖርዌይ ደግሞ ወገባቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ላልዳኑ 50 ሰዎች መሣሪያው ከተቀበረ በኋላ፣ ሳያውቁት አንዴ ሲበራ አንዴ ሲጠፋ ቆየ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ጠቅሞናል የሚሉ ታማሚዎችና ይህንኑ የሚደግፉ ጥናቶችም አሉ፤ ከጥናቶቹ ብዙዎቹ ግን ወጪያቸው የተሸፈነው በአምራች ኩባንያዎች ነው።

ዋጋው በውጭ አገር በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ በዚያም አያበቃም። ባትሪው ከዓመታት በኋላ ይለወጣል፣ ሽቦው ሊንሸራተት፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ታማሚው አታት ተመልሶ ሲገባ ማን ያስተካክልለታል? ቤተሰቡ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እስከዚያው

መጀመሪያ መንስኤው ይታወቅ። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት የወገብ ሕመም ለወጌሻ አይሰጥም፤ በመድኃኒት ይድናል። ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያገለግለው የአታት ሆስፒታል ቅርብ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ እያሰለጠነ ነው። ለተለመደው የወገብ ሕመም አልጋ ላይ መዋል ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም፤ በአቅም መራመድና ባለሙያ የሚያሳየውን እንቅስቃሴ መሥራት ይሻላል። እንሰት የምትፍቀው እናትም ሥራውን ከፋፍላ፣ በየመሐሉ ቀና እያለች ትሥራ። ሸክሙን ደግሞ ልጆቿ ይቀበሏት።

ሽንት ከተያዘ ወይም ሳያውቁት ካመለጠ፣ በጭን መሐል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር እየሰነፈ ከሄደ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን መኪና ተፈልጎ ታማሚው ሆስፒታል ይድረስ።