ሆዱ ውሃ የቋጠረ ሕመምተኛ በቤት ሲኖር

በየመንደሩ ስንዞር ሆዱ ተነፍቶ፣ እግሩ አብጦ የተኛ ሰው እናገኛለን። ቤተሰቡ «ሆዱ ውሃ ቋጠረ» ይላል፤ እውነትም ነው። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ወይም የመጠጥ ብዛት ለብዙ ዓመት ያሳመመው ጉበት ነው። ዛሬ ልናስረዳችሁ ያሰብነው ግን ስለ ኩላሊቱ ነው።

ጉበት ጠባሳ ይዞ ሲደድር ደም በሆድ ዕቃ ሥሮች ይከማቻል፤ ውሃውም ወደ ሆድ ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ሰውየው በውሃ ተነፍቶ ሳለ ኩላሊቱ ድርቅ የገባ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ሽንትም ያንሳል። መጀመሪያ ላይ ኩላሊቱ ራሱ አልተበላሸም። በ1969 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በአሜሪካ አገር ሐኪሞች ከእንዲህ ዓይነት ሟቾች የወሰዱትን ኩላሊት ጉበታቸው ጤነኛ ለሆነ ሰዎች ተክለው ሠርቷል። ቶሎ ድረሱለት የምንለው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለውን ኩላሊት ትንሽ ነገር ይጥለዋል። ጤነኛ ሰው የሚችለው የሁለት ቀን ተቅማጥ ለእርሱ የሞት መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚጠጣው ውሃ ፈልቶ በንጹሕ ዕቃ ይከደን፤ ምግብ የሚያቀርብለትም እጁን በሳሙና፣ ሳሙና ቢጠፋ በአመድ ይታጠብ። «ሆዱ ይጉደልለት» ብሎ ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ክፉ ስሕተት ነው፤ የሚወጣው የደሙ ውሃ እንጂ የቋጠረው አይደለም። ለወገብ ሕመም ተብለው የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊቱን ይጎዱታል።

በርበሬና ሽሮ ስናዘጋጅ ጨው እንጨምርበት የለ? ለእርሱ ጥቂት ሽሮ ያለ ጨው ለይታችሁ አስፈጩ። መጀመሪያ ያኮርፋል፣ ኋላ ይለምደዋል።

ሽንቱን በፖፖ እየተቀበላችሁ ለኩት። የቀንና የሌሊቱ ተጠራቅሞ አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ካልሞላ፣ ወይም ከትናንት ዛሬ እያነሰ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አንዳንድ ቤተሰብ ሽንት ሲያንስ ሐኪም ያዘዘውን የሚያሸና ኪኒን ይደግምለታል። ይህን ከቶ አታድርጉ፤ ያው ኪኒን ሲበዛ ኩላሊቱን ጨርሶ ያደርቀዋል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም መዘባረቅ ቢታይበት መሽቷል ሳትሉ ተነሡ። የሚወስደውን ሁሉ፣ የአበሻ መድኃኒትም ቢሆን፣ በከረጢት ይዛችሁ ኑ። አንቆጣም፤ የወሰደውን ካላወቅን ግን የምንሰጠው ይጠፋናል።