የትንሽ ሜዳ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ሊቆይ ይገባል?

ጥያቄ፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የጤና ቡድኖች የአምስት ለአምስት ጨዋታ ሲያደርጉ ሰዓቱ ስንት መሆን አለበት? የባከነውን ደቂቃስ ማን ይወስናል?

መልስ፦ የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 7 መደበኛውን ጨዋታ በሁለት የ45 ደቂቃ አጋማሾች ቢከፍለውም፣ ለታዳጊዎች፣ ለአንጋፋዎችና ለአማተር ተጫዋቾች ጊዜው እንዲያጥር ይፈቀዳል፤ አጋማሾቹ እኩል መሆናቸውና ስምምነቱ ከጨዋታው በፊት መደረጉ ግን ግዴታ ነው። ፉትሳል፣ ማለትም አምስት ለአምስት የሚደረገው ይፋዊ የቤት ውስጥ ጨዋታ፣ ሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሾች ሲኖሩት፣ ኳስ ከጨዋታ ውጪ በሆነች ቁጥር ሰዓት ያዡ ቆጠራውን ስለሚያቆም የባከነ ሰዓት ጭማሪ የለውም። ይህ ሥርዓት ለሠፈር ሜዳ አይመከርም፤ ኳስ አጥር ዘልላ በሄደች ቁጥር ሰዓት የሚቆም ከሆነ ተራውን የሚጠብቀው ቡድን ሳይጫወት ይመሻል። ሰዓቱ ሳይቆም መቆጠሩ፣ ለጉዳትና ሆን ተብሎ ለባከነ ጊዜ የሚሰጠውንም ጭማሪ ዳኛው ብቻ መወሰኑ እጅግ የተሻለ ነው። በመጨረሻዋ ቅጽበት የተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት ግን ሰዓቱ ቢሞላም መመታት አለበት። ከፍታዋ 2,700 ሜትር ገደማ በሆነው ሱሉልታ አየሩ ስስ በመሆኑ ትንፋሽ ቶሎ ስለሚያጥር፣ አጋማሹን ማሳጠርና ተቀይሮ የወጣው ተመልሶ እንዲገባ መፍቀድ ተገቢ ነው። አምበሎች ደቂቃውንና ሰዓት ያዡን ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ተስማምተው ይወስኑ።